ጎርፉ ከድልድዩ አይጀምርም

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ ጎጃምን ከጎንደር ሲያገናኝ የኖረ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስቱ ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ይታሰርና ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ጉልበተኞች ክፍተቱን በአየር ላይ ያሳልፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ፎቶውን ያየው ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ በ2002 ክፍተቱን በብረት ደፈነው። ሰው ሦስት ክረምት ተሻገረበት። በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ዓባይ ሞልቶ መጣና ብረቱን ወሰደው። በ2009 ሌላ ተሠራ፤ ይኸኛው ጎርፉ እንዳይደርስበት ከፍ ተደርጎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ነው።

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ባወራሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ድልድዩ ነው፤ ማን ገነባው፣ ማን ሰበረው፣ ሰው እንዴት ደፍሮ በገመድ ተሻገረ። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ብረቱን የወሰደው ውሃ ነው። ያ ውሃ ከአንድ ቀን በፊት የት ነበር? በማን ማሳ ላይ፣ በየትኛው ተዳፋት ላይ ወደቀ? ለምንስ እዚያው አልሰረገም? እስቲ ቁጭ በሉና ከላይ ጀምሬ ልንገራችሁ።

ተፋሰስ የሚለው ቃል ከስብሰባና ከሪፖርት ብዛት ትርጉሙ ደብዝዟል። የሣር ቤት ክዳን አስቡ። ጉልላቱ አጠገብ የወደቀ ጠብታ በአንዱ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል፤ በዚያ ጎን የወደቀው ሁሉ ተሰብስቦ በዚያው በኩል ጠፈጠፍ ይሆናል። ከጉልላቱ እስከ ጠፈጠፉ ያለው ያ ጎን ነው ተፋሰስ ማለት። ጠፈጠፉ ግድግዳውን ቢሸረሽረው ግድግዳውን እየለሰንን ብቻ አንኖርም፤ ቀና ብለን ክዳኑን እናያለን።

የምሥራቅ ጎጃም ጉልላት ጮቄ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ አዝዋሪ፣ ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእሱ ወገብና ትከሻ ይነሣሉ። ከደጀን ተነሥታችሁ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ ስትጓዙ ጮቄ በግራችሁ ነው፤ የዓባይ በረሃ በቀኛችሁ። መንገዱ ሙጋንና ሱሃን እየተሻገረ በሁለቱ መካከል ይሄዳል። በደጀን በኩል ዋናው የዓባይ ድልድይ ያለበት ቦታ ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር ግድም ነው። እንግዲህ ጮቄ ላይ የወደቀ ጠብታ ዓባይ ለመድረስ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው፤ ያውም በአጭር ርቀት።

አሁን ትንሽ ስሌት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሄክታር መሬት ላይ ሲወድቅ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 500 ይሆናል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ አንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ጥሎ ቢያልፍ፣ በዚያች አንድ ሄክታር ላይ ብቻ 15 ሺህ ጀሪካን ውሃ ፈሰሰባት። የአንድ ጅረት ተፋሰስ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ነው። ይህ ውሃ ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ታች። ወደ ውስጥ የገባው በጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ሄዶ ከወራት በኋላ በምንጭ ይወጣል። ወደ ታች የሮጠው በሰዓታት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ በሌሊት በደቻቱ ጎርፍ ተመትታ ከ200 በላይ ሰው ስታጣ፣ ውሃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። ከተማዋ ያየችው የሌላ ቦታ ዝናብ ነው።

ታዲያ ጠብታው ወደ ውስጥ ይግባ ወይስ ወደ ታች ይሩጥ የሚለውን የሚወስነው ማነው? የመሬቱ ቆዳ ነው። ይህን እቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት ሳፋ አፈር ሙሉና አንድ ጎናቸውን ከፍ አድርጋችሁ አዘንብሏቸው። አንዱን በገለባ ሸፍኑት፤ ሌላውን ራቁቱን ተዉት። ከዚያ ታቹ በተበሳሳ ጣሳ ውሃ አርከፍክፉባቸው። ከገለባው ሥር የሚወጣው ውሃ ዘግይቶ፣ ጠርቶ፣ ጥቂት ሆኖ ይመጣል። ከራቁቱ የሚወጣው ወዲያው ነው፤ ደፍርሶ። ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁ ደግሞ ምሥጢሩ ይታያችኋል። ጠብታው ራቁቱን አፈር እንደ ትንሽ መዶሻ ይመታዋል፤ የተፈናጠረው ደቃቅ አፈር በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይደፍናቸዋል፤ ሲደርቅም ቅርፊት ይሠራል። መሬቱ በገዛ ዱቄቱ ታሸገ ማለት ነው።

እሳት እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ጮቄ ከላይ የአስታ ቁጥቋጦ፣ የጅብራና የጓሳ ሣር አገር ነው። አስታ ቀድሞ ሰፊ ቦታ ይዞ ነበር፤ ማገዶው፣ ከሰሉ፣ የገብስና የድንች እርሻው ወደ ላይ መውጣቱ ዛሬ እዚህም እዚያም የቀረ ቁራጭ አድርጎታል። በአገራችን ደጋዎች እረኞች ለጥጃና ለላም አዲስ ሣር እንዲበቅል ብለው አሮጌውን ቁጥቋጦ ማቃጠላቸው የቆየ ልማድ ነው፤ የባሌ ተራሮች ዋናው ምሳሌ ናቸው። አንዳንዴም እሳቱ ከእጅ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር መጥተው ነበር። ያን ጊዜ የሁላችንም ዓይን ነበልባሉ ላይ ነበር። ነገር ግን እሳት ተፋሰስን የሚጎዳው ከጠፋ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ነው።

ለምን? ምድጃ ሥር ያለ ደቃቅ አመድ ላይ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ጠብታው አይሰርግም። አመድ ለብሶ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። የተቃጠለ ተዳፋትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ግን ከዚህ የባሰ አለው። ቅጠልና ሥራሥር ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሰም መሰል ነገር ይተንና ከፊሉ ወደ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ቀዝቀዝ ያለ አፈር ሲያገኝ እዚያ ይረጋና የአፈሩን ቅንጣቶች ይለብጣቸዋል። ስለዚህ ከላይ አመድ፣ ከሥሩ ውሃ የማይቀበል ስስ ንጣፍ ይሆናል። ዝናቡ ሲመጣ ከንጣፉ በላይ ያለው ልል አፈር በሙሉ ጭቃ ሆኖ ይንሸራተታል። ከአንድ ዓመት በፊት ሣር ብቻ ያነቃንቅ የነበረ ዝናብ ዘንድሮ ድንጋይ ያንከባልላል።

የእኛ አገር ወቅቶች ደግሞ አያዝኑም። ቃጠሎው የሚበዛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ክረምቱ በሰኔ ይገባል። ከመጨረሻው ቃጠሎ እስከ ጎርፉ ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቢሆን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ችግኝ ተክሎ መድረስ አይቻልም። የሚቻለው መሬቱን ማልበስ ነው። አሜሪካኖች ሰፊ ደን ሲቃጠልባቸው ከሄሊኮፕተር ገለባ ይበትናሉ። ቀደም ብሎ ግንድ እየቆረጡ ተዳፋቱን አግድም ማጋደም ነበር የሚወዱት፤ ለዓመታት ሲለኩት ግን በብርቱ ዝናብ ጊዜ ከግንዱ ጀርባ ያለው ቦታ ቶሎ ሞልቶ ጎርፉ ከላዩ ሲያልፍ፣ ገለባ የለበሰው መሬት በተሻለ ሁኔታ ቆየ። የሳፋው ሙከራ በተራራ መጠን ማለት ነው።

ይህን ለአንድ የጎጃም ገበሬ ብትነግሩት መጀመሪያ የሚላችሁ «ታዲያ በሬዬ ምን ይብላ?» ነው። ልክ ነው። ገለባ እኛ ዘንድ መኖ ነው፤ ለጭቃ ቤትም ጭድ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚያዋጣው የተቃጠለውን ቁጥቋጦና ጭራሮ ቆርጦ፣ መሬቱን በደንብ እንዲነካ ረግጦ፣ ተዳፋቱን አግድም መደርደር ነው። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም ርካሹና ከባዱ። ከብት ማራቅ። አስታ ከላይ ቢቃጠልም ጉቶው ከሥር ሕይወት አለው፤ ክረምት ሲገባ ከዚያ ያቆጠቁጣል። ያ ለጋ ቡቃያ በፍየል ከተነጨ፣ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ከተቃጠለ፣ ጉቶው ስንቁን ጨርሶ ይሞታል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ገበሬዎቹ ቦታውን ከልለው፣ ከቀረው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡና እየገረዙ አሳደጉት። በተቃጠለ ተዳፋት ላይ ችግኝ ይዘን ከመውጣታችን በፊት ከመሬት ሥር ያለውን በሕይወት ያለ ሥር ብንቆጥር እወዳለሁ። እሱ ውሃ አይለምንም፤ የሚፈልገው ጥቂት ዓመት እንዳይነካ ብቻ ነው።

እንውረድ፤ ከአስታው ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ብቸና ዋልካ። ዋልካን የማያውቅ የለም። በሚያዝያ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ በሐምሌ ደግሞ ጫማ ይነጥቃል። ጤፍ ይወደዋል። ነገር ግን ይህ ስንጥቅ የአንድ ትልቅ ችግር መነሻ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከመሬት በታች መንገድ ያገኛል፤ መንገዱን እያሰፋ ይሄድና አንድ ቀን ጣሪያው ይደረመሳል። ትናንት ከብት የሄደበት ሜዳ ላይ ዛሬ ጉድጓድ አለ፤ ከርሞ ጉድጓዶቹ ይገናኙና ቦረቦር ይሆናሉ።

ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ደብረ ማዊ የምትባል ተፋሰስ አለች፤ መንገዱ ወደ ሞጣና ብቸና የሚዘልቀው ያው መንገድ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያ ለዓመታት ቦረቦር ሲለኩ ያገኙት ነገር እኔን በጣም ነው ያስገረመኝ። ሁላችንም ቦረቦርን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው ብለን እናስባለን። በሸለቆው ግርጌ ግን ክረምቱ ሲገፋ ከመሬት በታች ያለው ውሃ እስከ ላይ ይሞላል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ይከብዳል፤ መያያዣውም ይላላል። ያኔ የቦረቦሩ ግድግዳ ራሱን መሸከም ያቅተውና ተቆርሶ ይወድቃል። ጎርፉ የሚያደርገው የወደቀውን ማንሣት ነው። ስለዚህ ግርጌው ላይ ያለውን ትልቅ ቦረቦር በግንብ ለመከልከል የሚደረገው ትግል ብዙ ጊዜ የሚከሽፍበት ምክንያት አለው፤ ውሃው የሚመጣው ከግንቡ ሥርም ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈሰስ። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት ማሳውን አቋርጦ በማረሻ የሚያወጣው ቦይ ነው። ለእሱ ማሳ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፈሰሱ የሚያርፈው የጎረቤቱ ድንበር ላይ ነው፤ የጎረቤቱም በቀጣዩ ላይ። አሥር ፈሰስ አንድ ቦታ ሲገናኝ ጉልበቱን አስቡት። የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመግፋት ኃይሉ በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ደግሞ በስሌት እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል። ብዙ ቦረቦር የተወለደው በሁለት ጥሩ ገበሬዎች ድንበር ላይ ነው፤ ብዙ ጠብም እንዲሁ።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ከላይ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ሳይገራ ታች የተሠራ ሁሉ ለጎርፉ የቀረበ ድንጋይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ የአዴትና የሞጣ መንገድ ዳር፣ ብዙ ገንዘብ እንደወጣበት የሚያስታውቅ ትልቅ ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ክትር) አየሁ። ሽቦው ሳይበጠስ፣ ድንጋዩ ሳይናድ ቦረቦሩ መሃል ቆሟል፤ ጎርፉ ግን በጎኑ ሌላ ቦረቦር ከፍቶ ሄዷል። ቆሜ አየሁት፤ አዘንኩም፤ ምክንያቱም ያበላሸው የሦስት ትንንሽ ነገሮች መጓደል ነበር። ክትር ሲሠራ መሃሉ ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ማለት አለበት፤ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ። ክንፎቹ በግራና በቀኝ ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብተው መቀበር አለባቸው። ከሥሩ ደግሞ የሚወድቀው ውሃ መሬቱን እንዳይቆፍር የድንጋይ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ርቀቱን ለማወቅም ጥበቡ ቀላል ነው። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር ማሳለፊያ አፍ ጋር እኩል ከፍታ ይሁን። በአሥር ሜትር አንድ ሜትር በሚወርድ ቦረቦር ላይ አንድ ሜትር ከፍታ ያላቸው ክትሮች በየአሥር ሜትሩ ይቆማሉ፤ ደለሉ ሲሞላ ቁልቁለቱ ደረጃ ይሆናል። ደረጃ ላይ ውሃ አይሮጥም። የቦረቦሩ ቀጥ ያለ ግድግዳም ጋደም ተደርጎ ይቆረጥና ደሾ ሣር፣ ቬቲቨር ወይም ሴስባኒያ ይተከልበታል።

እርከንን በተመለከተ ጎጃም የራሱ ጠባይ አለው፤ ይህን ነገር ሰው ሲዘለው እቆጫለሁ። በትግራይ የምትገኘው አብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ተራቁታ ከነበረችበት አገግማ፣ ጉድጓዶቿ ውሃ ሰጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢኳተር የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሽልማት አግኝታለች። እዚያ ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ እርከኑ እያንዳንዷን ጠብታ ይዞ ያስቀራል። ይህንኑ ወስዳችሁ ብቸና ዋልካ ላይ ብትሠሩት ጤፉ ውሃ ተኝቶበት ይበሰብሳል፤ ወይም እርከኑ ሞልቶ አንድ ቦታ ይፈርስና ከሱ በታች ያሉትን በሙሉ ተራ በተራ ይዟቸው ይወርዳል። በጎጃም እርከን በመቶ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ያህል ጎኑን ዝቅ ብሎ ትርፉን ውሃ ወደ ሣር የለበሰ መፋሰሻ ማውጣት አለበት። ውሃው ይሄዳል፤ ግን እየተራመደ።

በምዕራብ ጎጃም፣ ደምበጫ በኩል ያለችው አንጀኒ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በዚያች 113 ሄክታር በምታህል ተፋሰስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 መለካት ጀመረ፤ በ1986 ደግሞ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራባት። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ ወደ ላይ አድርግ ማለት ነው። ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል ይወረወራል፤ እያደርም ተዳፋቱ ራሱን ወደ ደረጃ ይለውጣል። ዛሬ አንጀኒን ያየ ሰው በሰው እጅ የተደለደለ መሬት መስሎት ይገረማል፤ አብዛኛውን ያስተካከለው ግን ውሃውና ማረሻው ነው። ያው ምርምር ሌላም እውነት ተናግሯል፤ ብዙ ዝናብ ባለበት ቦታ እርከን ቶሎ ምርት አይጨምርም። መሬት ይወስዳል፣ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፣ አይጥም ይጠለልበታል። ገበሬው ሲያመነታ አላዋቂ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የዛሬውን ጥማድ ከልጁ ጥማድ ጋር እየመዘነ ነው።

የልጁን ጥማድ ደግሞ በቁጥር ላሳያችሁ። የዚያ ፕሮግራም መሪ የነበሩት ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ግምት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በኩንታል 420 ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ጤፍ የሚያፍስ ገበሬ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል ጤፍ 21 ኩንታል አፈር ለዓባይ ይሰጣል ማለት ነው። ግንድ ይዞ የሚዞረው ዓባይ ከግንዱ በላይ የያዘው ይህን ነው። ሱዳን ውስጥ የሮሰሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሲሞላበት የኖረው ደለል ከእኛ ማሳ የሄደ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ከእንግዲህ ያንኑ አፈር መጀመሪያ የሚቀበል ደጃፍ ሆኗል።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ኖሯል። በዓለም ላይ በእጅ ጉልበት እንዲህ የተሠራበት አገር ጥቂት ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን እርከን እንደ አጥር ነው፤ ካልተጠገነ ይወድቃል። ቦዩ በጥቂት ክረምት በደለል ይሞላል። የሚያፈርሰውም ከጎርፉ ይልቅ ኮቴ ነው። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ የሁሉም ከብት በሁሉም ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ በጥር የተሠራው እርከን በመጋቢት ይረገጣል፤ ክትሩ ላይ የተተከለው ሣር ይነጫል። በእኔ እምነት የተፋሰስ ማገገም ዋናው ቁልፍ ይህ ነው። ድንጋይ መካብ የአንድ ወር ሥራ ነው። ልቅ ግጦሽን ማስቀረት ግን መላው መንደር አንድ ላይ ተቀምጦ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ከብቱን ቢያስር የእሱ ሣር ለጎረቤቱ በሬ ይሆናል።

ይህ አይቻልም የሚል ሰው ካለ መንዝን ይጠይቅ። የጓሳ ሣር ምድር በቄሮ ሥርዓት ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ ተጠብቆ ኖሯል። ሰዉ ተስማምቶ ቦታውን ለዓመታት ይዘጋል፤ ጓሳው ሲደርስ ቀን ቆርጦ ይከፍታል፤ ቀድሞ የገባ ይቀጣል። ከመሬት ላራሹ አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተናግቶ ነበር፤ ማኅበረሰቡ ግን በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። በጮቄ ዙሪያም የተከለለ ተዳፋት ሣሩ አድጎ በየቤቱ በሸክም ሲገባ፣ ያገገመ ቦረቦር ለንብ ማነቢያ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ሲሰጥ፣ ጠባቂ መቅጠር አያስፈልግም። ከዚያ ሣር በልታ የምትታለብ ላም ያለችው ቤት ራሱ ጠባቂ ነው። የሣሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተከለለ ቦታ ግን በመጀመሪያው ድርቅ ይፈርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ስምምነት ሰላም ይፈልጋል፤ ሰው ተሰብስቦ በማይመክርበት ጊዜ እርከኑም ይፈርሳል።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ሐቅ አለ። ይህ ሁሉ ቢሠራም በክፉ ክረምት ዓባይ ይሞላል። ሰባራ ድልድይን የመታው ውሃ ከጣና ዙሪያ፣ ከደቡብ ጎንደርና ከጎጃም ከብዙ ወንዞች የተሰበሰበ ነው። አፈሩ በሙሉ ከጠገበ በኋላ የሚመጣን ከባድ ዝናብ የትኛውም እርከን አይመልሰውም። የተፋሰስ ሥራ ውጤቱ በግልጽ የሚታየው በትንሹ ጅረት፣ በመካከለኛው ዝናብና በበጋው ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ድልድዩን ከፍ አድርገው መሥራታቸው ልክ ነበር፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በበጋው ውሃ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ምሁር ወልደአምላክ በውቀትና ባልደረባቸው ከጮቄ የሚወርደውን የጨሞጋን ፍሰት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ድረስ ባለው መዝገብ መርምረው ነበር። የበጋው ፍሰት እየቀነሰ መጥቷል። ምክንያት ያደረጉት የተፈጥሮ ሽፋኑን መጥፋት፣ የእርሻውን መስፋፋት፣ የግጦሹን ብዛትና የባሕር ዛፉን መበራከት ነው። አስተውሉ፤ በነሐሴ ጎርፍ የምንለውና በመጋቢት አጣነው የምንለው አንድ ውሃ ነው። እናቶች በመጋቢት እንስራና ጀሪካን ይዘው ሩቅ የሚሄዱት በነሐሴ በደጃቸው ያለፈውን ውሃ ፍለጋ ነው።

እንግዲህ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉልኝ። በሰኔ መጨረሻ ሱሃ ድልድይ ላይ የውሃውን መልክ እዩ፤ ማሳው ገና የታረሰ ስለሆነ በጣም የሚደፈርሰው ያኔ ነው። በመስከረም መጨረሻ እንደገና እዩት። ከዚያ በመጋቢት ተመለሱ። ከድልድዩ ሥር ቀጭንም ቢሆን የጠራ ውሃ ሲሄድ ካገኛችሁ ወርዳችሁ እጃችሁን አስገቡ። ባለፈው ነሐሴ ጮቄ ላይ የወደቀ ዝናብ ነው፤ ሰባት ወር በእግሩ ተጉዞ የደረሰ።